የችግር ዛፋችን ሥር ሁሌም «የግንዛቤ እጥረት» የሚሆነው ለምንድን ነው?

ባለፈው ዓመት ደባርቅ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ። ፍሪላንስ ጋዜጠኝነት እንዲህ ነው፤ ዜና የሚገዛ በጠፋበት ወር የሰው ስብሰባ ትጽፋለህ። አዘጋጁን ድርጅት በስም አልጠራውም። ያደረገው ሁሉም የሚያደርገውን ስለሆነ እሱን ነጥሎ መውቀስ አግባብ አይመስለኝም።

ጉዳዩ ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር የሚዋሰኑ ቀበሌዎች ዕቅድ ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ሻይ ሳንወጣ፣ አወያዩ ሁለት ፍሊፕቻርት አገጣጥሞ ግድግዳው ላይ ለጠፈና መሀሉ ላይ በቀይ ማርከር «ልቅ ግጦሽ» ብሎ ጻፈ። ግንዱ ይህ ነው አለን። ከታች ሥሮቹን፣ ማለትም ምክንያቶቹን፣ ከላይ ደግሞ ቅርንጫፎቹን፣ ማለትም መዘዞቹን እንሞላለን። ባለቀለም ካርድ ታደለ። «የችግር ዛፍ» የሚባለው ነገር ይኸው ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በኤንጂኦ የምትሠሩ አንባቢዎቼ እስኪሰለቻችሁ ስላችሁታል።

ካርዶቹ ተለጥፈው ሲያበቁ ቆጠርኳቸው። ከሥር በኩል አሥራ አራት አሉ። አምስቱ በተለያየ የእጅ ጽሑፍ አንድ ነገር ይላሉ፤ «የግንዛቤ እጥረት»። ሁለቱ ደግሞ «የአመለካከት ችግር»። አወያዩ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ ሰበሰባቸውና ወፍራም ሥር ሆኑ። ከሰዓት በኋላ ዛፉ ተገልብጦ «የመፍትሔ ዛፍ» ሲሆን በዚያ ወፍራም ሥር ቦታ ምን እንደተጻፈ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ «የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ማዘጋጀት»። ስብሰባው ሌላ ስብሰባ ወለደ።

አዳራሹ ውስጥ ከቀበሌዎቹ የመጡ አራት ገበሬዎች ነበሩ፤ የኋላ ወንበር ላይ፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ። አንደኛው፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ የዘለለ ሰው፣ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ግንዱን ማን ተከለው?» አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። አወያዩም ፈገግ ብሎ «አባታችን፣ ግንዱ በጥናት የተለየ ነው፤ እርስዎ ሥሩን ቢነግሩን ደስ ይለናል» አላቸው። እሳቸውም ዝም ብለው ተቀመጡ። እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ «አንድ ተሳታፊ ማብራሪያ ጠይቀው ተሰጥቷቸዋል» ብዬ አሰፈርኩ። ያችን ዓረፍተ ነገር ሳስታውሳት አሁንም ታሳፍረኛለች። የጠየቁት ማብራሪያ አልነበረማ።

መሣሪያውን ግን ልሰድበው አልተነሳሁም። ችግርን በሥዕል ማስቀመጥ ትልቅ ጥቅም አለው። ሰው ሲናገር ነገሩ በተራ ይመጣል፤ የመጨረሻው ሲደርስ የመጀመሪያው ተረስቷል። ወረቀት ወይም መሬት ላይ ሲሳል ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊትህ ይቆማል። ፊደል ያልቆጠረም በጣቱ እየተከተለ «ይኼኛው ከዚያ አይደለም የመጣው» ማለት ይችላል። ጮክ ብሎ የሚናገረው የጽሕፈት ቤት ኃላፊና አንገቷን የደፋችው ሴት እኩል አንድ ካርድ ይይዛሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መሣሪያዎቹ የተወለዱበትን መንገድ ማየትም ይረዳል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ኤንጂኦዎቻችን የማይለዩት ሎግ ፍሬም በ1969 ለአሜሪካው ተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነው። የጀርመኑ ጂቲዜድ በ1980ዎቹ የችግር ዛፉን ከፊት አስቀድሞ «ዞፕ» የሚባል የዕቅድ አሠራር አደረገው። የዓሣ አጥንቱ ሥዕል ደግሞ የጃፓናዊው የካኦሩ ኢሺካዋ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ችግሩን ትጽፋለህ፤ በአጥንቶቹ ላይ ሰው፣ ማሽን፣ ጥሬ ዕቃ፣ አሠራር፣ ልኬትና አካባቢ እያልህ ምክንያቱን ትበትናለህ።

ኢሺካዋ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ጃፓን ውስጥ በተስፋፉት የጥራት ቡድኖች ይህን ሥዕል የሚስሉት ማሽኑ ላይ የሚቆሙት ሠራተኞች ራሳቸው ነበሩ። አለቃ ቢሮው ስሎ አላወረደላቸውም። የሥዕሉ ጉልበት ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ቡሎኑ ለምን እንደሚላላ የሚያውቀው ቡሎኑን የሚያጠብቀው ሰው ነው። ይህ አሠራር በካይዘን ስም ወደኛ የመጣው አቶ መለስ ዜናዊ ጃፓንን ከጠየቁ በኋላ ነው። ከ2009 እስከ 2011 በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የዓሣ አጥንቱ በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከቢፒአርና ከቢኤስሲ ጎን ለጎን፣ ሌላ «የለውጥ መሣሪያ» ሆኖ። ማን ይሳለው የሚለው ነገር ግን መንገድ ላይ የቀረ ይመስለኛል።

ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ዳባት አካባቢ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ የሆነች ወዳጄ የነገረችኝን ላንሳ። ችግራቸው «እናቶች ለወሊድ ዘግይተው ይመጣሉ» የሚል ነበር። በመጀመሪያ እነሱ ራሳቸው ባለሙያዎቹ ተሰብስበው የዓሣ አጥንት ሳሉ። «ሰው» በሚለው አጥንት ላይ ምን ተጻፈ? አዎ፣ የእናቶች የግንዛቤ እጥረት። ሁለት ዓመት ሙሉ አስተማሩ፤ ለውጥ የለም። በሦስተኛው ሥዕሉን እንደገና ሲስሉ የአምቡላንሱን ሾፌር፣ የግቢውን ጥበቃና በቅርቡ የወለዱ ሁለት እናቶችን ጠሩ። ሾፌሩ አንድ ነገር ተናገረ። የነዳጅ ወረቀት የሚፈርመው አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ቅዳሜና እሁድ ከተማ ውስጥ የለም። ቅዳሜና እሁድ የተጠራ አምቡላንስ ፊርማ ሲፈለግ ያረፍዳል። እናቶቹም ይህን ስላወቁ መጥራቱን ትተው በቃሬዛ ወይም በለመነ ባጃጅ ይመጣሉ። መፍትሔው ለሁለቱ ቀናት አርብ ማታ ቀድሞ መፈረም ሆነ። የግንዛቤ ማስጨበጫው ገንዘብ ይህን ሊገዛ አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም ዋጋው ዜሮ ነው።

«እናቶቹማ ከኛ በላይ ያውቁ ነበር» አለችኝ እየሳቀች።

ታዲያ ያቺ ካርድ ለምን ሁልጊዜ ታሸንፋለች? እኔ እንደሚመስለኝ አዳራሹ ውስጥ ማንንም የማታስቀይም ብቸኛ ካርድ ስለሆነች ነው። ግንዛቤ ያነሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ የለም። «የማዳበሪያ መዘግየት» ብለህ ብትጽፍ የግብርናው ኃላፊ ይቆጣል፤ «የካሳ አከፋፈል» ብትል ሌላው ይቆጣል። «የግንዛቤ እጥረት» ስትል ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። በዚያ ላይ ለሪፖርት ትመቻለች፤ ለይህን ያህል ሰው ግንዛቤ ተፈጠረ ተብሎ በቁጥር ይላካል። ከአበልና ከአዳራሽ ኪራይ በቀር የምትጠይቀው በጀትም የለም።

ነገሩ በዚህ ብቻ ቢያበቃ የቢሮ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር። እዚህ እኛ አገር ግን ግንዱን የሚተክለው ሰው ማንነት የመንደርን ዕጣ ወስኗል። ግጭን ማለቴ ነው።

ታሪኩን ለማታውቁት በአጭሩ። ፓርኩ በ1969 በአዋጅ ተቋቋመ። በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ሆነ። በደርግ ዘመን ከገደሉ ሥር የነበሩ መንደሮች በኃይል ተነሱ። በ1996 የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ፓርኩን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ አስገባው። የዋልያ ቁጥር ማነስ፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት፣ በፓርኩ መሀል የሚያልፈው መንገድ፣ እነዚህ ናቸው ምክንያቶቹ። ከመዝገቡ ለመውጣት ወሰን ማካለል፣ አማራጭ መንገድ መሥራት፣ የግጦሽ ጫና መቀነስ የሚሉ መስፈርቶች ተቀመጡ። በ2016 ከግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው፣ ቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። በ2017 ፓርኩ ከአደጋ መዝገቡ ወጣ።

የዚያን ጊዜ ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ለአስጎብኚው፣ ለበቅሎ አከራዩ፣ ለምግብ አብሳዩ የፓርኩ ስም መታደስ እንጀራ ነው። ኮሚቴውንም አልኮንነውም። ሥራው ቅርስ መጠበቅ ነውና ግንዱ ላይ «በቅርሱ ላይ ያለ ጫና» ብሎ መጻፉ የሚጠበቅ ነው። ግንዱ ይህ ሲሆን ከሥሩ «በፓርኩ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎችና ከብቶች» ይገባል። ሥሩ ሰው ሲሆን መፍትሔው ሰውን ማንሳት ነው። ሥዕሉ ራሱ እጅህን ይዞ ወደዚያ ይወስድሃል።

አሁን ያንኑ ሥዕል አንዲት የግጭ እናት ስትስለው አስቡት። ግንዱ ላይ «ልጄ የሚያርሰው መሬት የለውም» ትላለች። ከሥር፦ ገብሱ እየሳሳ ነው፣ ከእርሻ ሌላ ሥራ የለም፣ ትምህርት ቤቱና ሐኪሙ ሩቅ ነው። ከላይ በቅርንጫፉ፦ ተጨማሪ በግ፣ ተጨማሪ ግጦሽ፣ ከጥበቃ ጋር ንትርክ። ካርዶቹ አንድ ናቸው፤ «ግጦሽ» የሚለው ብቻ ከሥር ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ። ፕሮጀክቱ ግን ሌላ ይሆናል። በሁለተኛው ዛፍ ሰውየውን ከተራራ ወደ ከተማ ማምጣት ሥሩን አይነካውም። ገበሬ ነበር፤ ካሳውን በልቶ ሲጨርስ ደባርቅ ላይ መሬት የሌለው፣ የከተማ ሙያም የሌለው ሰው ይሆናል። ደባርቅ የምትኖሩ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልጋችሁም። ጠዋት ጠዋት የቀን ሥራ የሚጠብቁትን ሰዎች ከየት እንደመጡ መጠየቅ ይበቃል።

አንዱ ዛፍ ውሸት፣ ሌላው እውነት ነው አላልኩም። ሁለቱም ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ቢሰቀሉ ኖሮ ስለ ቤት ቦታ በተወራበት ጠረጴዛ ስለ ሥራም በደንብ ይወራ ነበር ነው የምለው።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። በሻይ ሰዓት ሽማግሌውን ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። «ያን ጊዜ ምን ሊሉ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። በዱላቸው አፈሩን ጠረግ አድርገው መሳል ጀመሩ። መጀመሪያ በቅሎ። ሁለት በቅሎ አለኝ፣ ለቱሪስት አከራይ ነበር አሉ። ከዚያ ወደ ሳንቃበር የሚወጣውን መንገድ ሳሉና መሀሉን በእግራቸው አጠፉት። ኮቪድ መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ ከዚያም እስካሁን ያልበረደው የክልሉ ግጭት። ፈረንጅ ቀረ። በቅሎው ሥራ ፈቶ ይበላል፤ ገንዘብ ያመጣ የነበረው አሁን ሳር ይጨርሳል። ማዳበሪያው በዚያ ዋጋ አይቀመስም፤ ስለዚህ በግ ጨመርኩ። በጉን ሳሉ። በጉ ወደ ሳሩ፣ ሳሩ ሲያልቅ ዋልያው ይርቃል። ዋልያው ከራቀ፣ ሰላም ቢሆንስ እንኳ ፈረንጁ ምን ሊያይ ይመጣል? ዱላቸው ዞሮ የጠፋው መንገድ ላይ ደረሰ።

የሳሉት ቀለበት ነው፤ ሥርም ጫፍም የለውም። የችግር ዛፍ ደግሞ ቀለበት መሳል አይችልም። ምክንያት ከታች፣ ውጤት ከላይ ነው፤ ውጤቱ ተመልሶ ምክንያት ሲሆን የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። በዓለም ላይ የቀለበት ሥዕል የሚባል ራሱን የቻለ መሣሪያ አለ፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይማሩታል። ሽማግሌው ግን በዱላ በአሥር ደቂቃ ጨረሱት።

ቀለበት አለማየት ዋጋ እንደሚያስከፍል ተራራው ራሱ አሳይቶናል። በ2019 መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የተነሳውን ሰደድ እሳት ታስታውሳላችሁ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች የመጡበትን። በግጭ አካባቢ ሳሩና አስታው ተቃጠለ። ማን ለኮሰው የሚለው የፖሊስ ጉዳይ ነው፤ እኔ የማነሳው ማገዶውን ነው። ለዘመናት የሚጋጥና የሚታጨድ ሳር ግጦሹ ሲቀንስ ቁመቱ ይጨምራል፣ በበጋ ይደርቃል፣ የደረቀ ሳር ደግሞ እሳት ይጠራል። ቀድሞ እሳት ሲነሳ ሮጦ የሚደርሰው የመንደሩ ሰው አሁን ደባርቅ ነው ያለው። ግጦሽን መቀነስ ስህተት ነበር ማለቴ አይደለም። «ግጦሽ ሲቀንስ ምን ይከተላል?» የሚል ቀስት ቀድሞ ቢሳል የእሳት መከላከያ ዕቅድና የሳር አጨዳ ፈቃድ አብሮ ይታሰብ ነበር።

ይህን ስል «ገበሬ መሬት ላይ ይሳል ማለት የጋዜጠኛ ቅዠት ነው» የሚሉኝ አይጠፉም። አይደለም፤ እዚሁ ክልላችን ውስጥ ተሠርቶበታል። በ1988 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር መቀመጫው ለንደን ከሆነው ዓለም አቀፍ የአካባቢና ልማት ተቋም ጋር ወሎ ውስጥ ባካሄደው የገጠር ዳሰሳ ካርታና የወቅቶች ሥዕል የመሳሰሉት የሥራ መሣሪያ ነበሩ። እንግሊዛዊው ሮበርት ቻምበርስ ስለ አሳታፊ የገጠር ዳሰሳ አነሳስ ሲጽፍ ይህን የወሎ ሥራ ይጠቅሳል። የቻምበርስ ዋና ሐሳብ «በትሩን ማስረከብ» ነው፤ ባለሙያው የሚስልበትን ዱላ ለገበሬው ይስጥ ይላል። (በሕንድ ክቦች እየተደራረቡ የሚሳሉበትን ሥዕል ገበሬዎቹ «ቻፓቲ» አሉት፤ ዳቦ መስሏቸው። እኛ ጋ ቢሆን እንጀራ መባሉ አይቀርም ነበር።) ደግሞም ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ግብርና ሚኒስቴር በ2005 ያወጣው የማኅበረሰብ አቀፍ ተፋሰስ ልማት መመሪያ ነዋሪው የመንደሩን ካርታ እንዲስል፣ ከባለሙያው ጋር ተፋሰሱን በእግር አቋርጦ እንዲያይ፣ ችግሩንም ራሱ በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጥ ያዛል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞቻችን ሠልጥነውበታል። ጥር ላይ ለእርከን ሥራ ስንወጣ የምንይዘው ዕቅድ ከዚያ መምጣት ነበረበት። የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ከላይ በኮታ ነው፤ ካርታው ለፋይል ይሳላል።

አንድ ባለሙያ ወዳጄ ይህን ጽሑፍ ገና ሳልለጥፈው አንብቦ ተቃወመኝ። «ሦስት ወረዳ በሁለት ቀን አቅድ የሚባል ሰው ነህ እንበል። መንገዱ ክፍት የሆነበት ቀን ጥቂት ነው። ለጋሹ ዛፉን በፎርማት ይጠብቃል። ቀለበት ስለህ ብትልክለት ሎግ ፍሬሙ ውስጥ አይገባለትም» አለኝ። እውነቱን ነው። ጂቲዜድ ራሱ በ1990ዎቹ ዞፕን ያላላው አሠራሩ ከማሰብ ይልቅ ፎርም ወደ መሙላት ስላዘነበለ ነበር። የወዳጄ መልስ ያሳሰበኝም ለዚህ ነው፤ ጀርመኖቹ የተዉትን ግዴታ እኛ በለጋሽ ስም ይዘነዋል።

እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ግንዱ አስቀድሞ ተጽፎ አይምጣ። የመጀመሪያው ግማሽ ቀን ግንዱን ለመምረጥ ብቻ ይዋል። ሴቶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ፣ ባለሙያዎች ለብቻ ይሳሉ፤ ግንዶቹ ከተለያዩ በግድ አይዋሐዱ፣ ልዩነቱ ራሱ ይመዝገብ። «የግንዛቤ እጥረት» የሚል ካርድ የሚለጥፍ ሰው ማን ምን እንዳላወቀ፣ ቢያውቅስ በምን ገንዘብና በየትኛው መንገድ ያደርገው እንደነበር ከሥሩ ይጻፍ፤ መጻፍ ካልቻለ ካርዱ ይውረድ። ሥዕሉም አዘጋጁ ተጠቅልሎለት ይዞት አይሂድ። ቀበሌው ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ በዓመቱ የትኛው ካርድ በጀት እንዳገኘ፣ የትኛው እንደተረሳ ሰው በዓይኑ ይይ።

በሁለተኛው ቀን ማብቂያ ፍሊፕቻርቱ ተጠቅልሎ በላስቲክ ታሰረና መኪና ላይ ተጫነ። የሽማግሌው ሥዕል ከሻይ የሚመለሱ ሰዎች ስለረገጡት ከሰዓት በኋላ አልነበረም። እኔ ግን በስልኬ ፎቶ አንስቼው ነበር፤ በቅሎው ትንሽ ውሻ ይመስላል እንጂ ሌላው በደንብ ይነበባል። ከቃለ ጉባኤው ጋር አያይዤ ላክሁት። መልስ መጣ፤ ቃለ ጉባኤው ደርሶናል፣ ክፍያው በሳምንቱ ይገባል፣ ፎቶው ግን ከአጀንዳው ውጪ ስለሆነ አልተካተተም።

የሚቀጥለው በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት በየቀበሌው ዛፍ መሳሉ አይቀርም። ዳባት፣ ደባርቅ፣ ጃናሞራ፣ በየዳ ያላችሁ አንባቢዎቼ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጣችሁ ሥዕሉን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። በተለይ ግንዱን ማን እንደጻፈው ንገሩኝ።